ሪባን

ልደታ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒው ቤት ጎን፣
ሁለት ሜትር በአንድ ተኩል፣ ይህች ናት የኔ ዙፋን።
ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ክስ ጻፍኩባት፣
የሰው ፍቺ፣ የሰው ውርስ፣ የሰው ዕዳ ቆጠርኩባት።

አሮጌው ማሽን ዓርብ ማታ ጢስ ተፍቶ ዐረፈ፤
ሰኞ ጠዋት ሱራፌል አዲሱን ተክሎ አለፈ።
"እታለም፣ ዘመናዊ ሆንሽ!" ብሎ፣
ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ፣ ካላወቅኩት አገር እኔን ጥሎ።

ከፈትኩት።
ነጩ ወረቀት ያው ነው።
ጥቅሻ የማይሰለቻት ቀጭኗ መስመርም ያችው ናት።
ከላይ ግን
ሰፈሩ ፈርሷል።
እንደ ቀበሌ ወረፋ የተሰለፉት ስሞች አንዳቸውም የሉ፤
በምትካቸው ሥዕል ፈሷል፦
መቀስ፣ ብሩሽ፣ ባልዲ፣ ያዘመመ ፊደል።
ከየትኛው ልጀምር? ማንን ልጠይቅ? በማን ልማል?

በስልክ ጮህኩበት።
"ስሙ ሪባን ነው" አለኝ።
ሪባን!
እኔ የማውቀው ሪባን የመተየቢያዬ ነበር፣
ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ቀይ፣
ጣቴን አጥቁሮ ምሳዬን አብሮኝ የሚበላ፣
ሲያልቅበት በዳኛ ፊት የሚገረጣ።
እሱ እንኳ ሲጠመጠም ከየት ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል።
ሌላው ሪባን ሹም መጥቶ የሚቆርጠው ነው፤
መቀሱማ ይኸው አለ፣
ተቆራጯ እኔ ነኝ መሰለኝ።

የጌጃ ሰፈሩ ጋሽ ኩምሳ
ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤
የይግባኙ ቀን ዛሬ ያልቃል፣
መዝገብ ቤቱ አሥር ተኩል ላይ ይዘጋል።
"ይግባኝ ባይ ለሠላሳ አንድ ዓመት የወጣሁ የገባሁበትን በር
መልስ ሰጪ ወንድሜ በብሎኬት ደፍኖ፣
በጓሮ፣ በሽንት ቤቱ ጎን፣ ሌላ በር ስለከፈተልኝ..."

ጻፍኩት። ፊደሉስ ከጣቴ አልተሰደደም።
ማተሙ ነው።
እጄ ሳላዘው ወደ ድሮው ጥግ ይሄዳል፣
የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ።
አንዱን ስነካ ሠንጠረዥ ይተክላል፣
ሌላውን ስነካ ወረቀቱ በጎኑ ይተኛል፣
ሦስተኛው የጋሽ ኩምሳን ወንድም ስም ቢጫ ቀባው።
መልስ! እላለሁ፣ መልስ!
የመልሱም ቀስት ቤት ቀይሯል።

"ምን ሆንሽ ልጄ?"
"በሩ ጠፍቶብኝ ነው ጋሼ፣ ወዴት እንዳዞሩት እንጃ።"
ከመጣ ጀምሮ ጥርሱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።
"በይ አንቺም ክሰሻ!"
ከዚያ ዝም አለ። ባርኔጣውን አዞረ።
"አዲሱ በር ክፉ ነው አላልኩም እኮ፤ እንዲያውም ይሰፋል።
ሌሊት ስነሳ ግን
ግንቡን ነው የምገጨው።"

አሥር ሰዓት ከሩብ።
ምን እንደማደርግ ሳላውቅ የግራ ትንሿ ጣቴ ጥጉ ላይ ያለውን ቁልፍ ያዘች፣
ቀኟ ተንጠራርታ ፒን ነካች።
ማተሚያው ሳለ። አንድ ገጽ። ሁለት።
ይህን መንገድ ማንም አልደፈነውም፤
ጣቶቼ ለካ ለኔ ያልነገሩኝ ጓሮ ነበራቸው።
ጋሽ ኩምሳ ቀለሙ ሳይደርቅ ፈርሞ አስፋልቱን ተሻገረ፣
ሂሳቡንም ረሳ፣ እኔም ረሳሁ።

ማታ፣ ፎቶ ኮፒው ቤት ሲዘጋ፣
ባዶ ገጽ ከፍቼ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ነካካሁ፣
እንደ አዲስ ተከራይ፣
ውኃው በየትኛው ቀን ይመጣል ብላ እንደምትጠይቅ።
ከላይ፣ በስተግራ፣ አንዲት ትንሽ ፍሎፒ አየሁ።
እሷን እንኳ ከቀበርናት ስንት ዓመቷ!
ፎቶዋ ግን ግድግዳ ላይ ቀርቷል።
ነካኋት፤ አስቀመጠችልኝ።

የጋሽ ኩምሳ ቀጠሮ ለሰኔ ሃያ ሁለት ነው አሉ።
እስከዚያው
ሁለታችንም በጓሮ እንገባለን።